እናቴ ዌስተርቪል የተሸከመችው ድንጋይ

ክርን አጥንት ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ድምፅ ብዙ ዓመት ሳልሰማው ኖሬ፣ ባለፈው ቅዳሜ ካናል ዊንቸስተር በምትባል የኮሎምበስ ዳርቻ ከተማ፣ ጂም ውስጥ ልጄ ቤቴል ኔትቦል ስትጫወት ድንገት ሰማሁትና ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሣሁ። ደረቅ ድምፅ ነው፤ ጩኸቱ የሚከተለው ዘግየት ብሎ ነው። እናቴን ይዞልኝ መጣ።

እናቴ ኔትቦልን የተማረችው ወደ ኮሎምበስ ሳንመጣ፣ በስደት ካምፓላ ሳለን፣ ከጓደኛዋ ከእትዬ ጽጌ ነበር። ሁለቱ እዚያ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ እኔን መሃል አስተኝተው፣ አንዷ ሥራ ስትሄድ ሌላዋ እየጠበቀችኝ ኖረዋል፤ ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ በጀርባዋ አዝላ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝም እትዬ ጽጌ ናት። ጨዋታው የቅርጫት ኳስ ይመስላል፤ ግን ቅርጫቱ ሰሌዳ የለውም፣ ኳስ የያዘች ሴት አትሮጥም፣ መነካካትም ክልክል ነው። ክልክል ነው ይባላል።

ሦስታችንም ኮሎምበስ ከመጣን በኋላ፣ በረዶው ሲጀምር፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈራችን ያለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ወንበሮቹ እየተነሡ ልምምድ ይደረግበት ነበር። ከዕቃ መጋዘን፣ ከዌርሃውስ ሺፍት የወጡ ሐበሾች፣ ኡጋንዳውያንና ጃማይካውያን ሴቶች ተሰብስበው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጸልዩና፣ «አሜን» እንደተባለ ይቧቀሱ ነበር። ጸጉር ይጎተታል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፤ እኔም በረዶ በፌስታል ይዤ ለተመታችው አቀብል ነበር። እሑድ መዘምራን መካከል ቆማ ዓይኗን ጨፍና የምታነባው እናቴ፣ ቅርጫት ሥር ተከላካይ ሆና ስትቆም ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትጠብቀው።

በረዶው ሲቀልጥ በየስቴቱ ያሉ ሴቶች ተደዋውለው ብሔራዊ የሴቶች ሊግ እናቋቁም ተባባሉ፤ ከየከተማው አንድ ቡድን ይላክ ተባለ። እኛ ዘንድ ግን ሁለት ነበረ፤ እትዬ ጽጌ ከከተማው ወጣ ብሎ ዌስተርቪል ቤት ገዝታ ከሄደች ወዲህ እዚያ የራሷን ቡድን መሥርታ ነበርና። ተጋጥመው ያሸነፈው እንዲሄድ ተወሰነ።

እትዬ ጽጌ አግቢ ነበረች፣ የምትጠብቃትም እናቴ። እትዬ ጽጌ የእናቴን ጭን በጉልበቷ ትመታለች፣ እናቴም ማልያዋን ጨብጣ ታሽከረክራታለች፤ ዳኛዋ ፊሽካ መንፋት ታክቷት ቆማ ማየት ጀመረች። ከዚያ እትዬ ጽጌ እየሳቀች፣ «አንቺ ዘበኛ፣ ኳስ መያዝ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ? ካምፓላ ላይ ባልሰበስብሽ ኖሮ ይሄኔ ከነልጅሽ መንገድ ላይ ነበርሽ» አለቻት። አንዳንዶቹ ሳቁ። ኳሱ ሲመጣ እናቴ ዘለለች፣ ክርኗም ከእጇ ቀደመ።

የእትዬ ጽጌ አፍንጫ ተሰብሮ ደሙ በነጩ ማልያዋ ላይ ወረደ። ቡድናችን አሸነፈ፤ ያጨበጨበ ግን አልነበረም።

በጋውን ሙሉ እናቴ ኮል ስታደርግላት እትዬ ጽጌ አታነሣም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም በዚያኛው ረድፍ ትቀመጥ ነበር። የጌታ እራት ሲታደል እናቴ ሳትቆርስ ሳሕኑን ወደ ጎን ታሳልፈዋለች። ለምን እንደማትወስድ ስጠይቃት፣ እህቷን አድምታ በዚያው እጅ የጌታን ሥጋ መንካት እንደማትደፍር ነገረችኝ፤ ጽጌ ካልታረቀቻት ሊጉም ይቅርብኝ አለች። ሽማግሌዎች ሄዱላት፤ እትዬ ጽጌ ግን «የመታኝ ሽማግሌ አይደለም» ብላ መለሰቻቸው።

ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር እናቴ እኔን ይዛ ዌስተርቪል ሄደች። በእኛ ደንብ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ዌስተርቪል ግን ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተከረከመ ነው፣ የወደቀ ድንጋይ አይገኝም። እናቴ ዙሪያውን አይታ፣ ከጎረቤት የአበባ መደብ ዳር አንዱን ነቀለችና፣ ማጅራቷ ላይ ጭና፣ አጎንብሳ በሩ ፊት ቆመች። የአበባው ባለቤት፣ አንዲት ነጭ አሮጊት፣ መስኮት ልትሰብር መስሏት ስልኳን ይዛ ወጣች፤ ፖሊስ ልትጠራ ነው። እኔም በእንግሊዝኛ «እናቴ ይቅርታ እየጠየቀች ነው» አልኳት።

«በድንጋይ?» አለችኝ።

በሩ ተከፈተ። የእትዬ ጽጌ አፍንጫ ጠመም ብሎ ድኗል። እናቴን ቁልቁል ስታያት ቆየችና በጥፊ አጮለቻት። እናቴ ተንገዳገደች፣ ድንጋዩን ግን አልጣለችውም።

«ይኼ ስለ አፍንጫዬ ነው» አለች እትዬ ጽጌ። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከእናቴ ማጅራት አወረደችና፣ «እኔም በአፌ መትቼሻለሁ። ይቅር በይኝ» አለቻት።

ተቃቅፈው ደጁ ላይ ሲያለቅሱ አሮጊቷ ስልኳን ከጆሮዋ አወረደች። እትዬ ጽጌ በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩን ከነበረበት መልሺ፣ ሴትዮዋ አበባዋን ትወዳለች» አለችኝ።

በዚያው መኸር እትዬ ጽጌ ለኒር ኢስት ሳይድ አግቢ ሆና ለመጀመሪያው የሊግ ውድድር አብረው ሄዱ። የገጠማቸው ሁሉ አሸንፏቸው፣ አንዷ ዓይኗ አብጦ፣ አንዷ ጣቷ ተጠቅልሎ፣ በቫን እየዘመሩ ተመለሱ። በተከታዩ የጌታ እራት እናቴ ሳሕኑን ከእትዬ ጽጌ እጅ ተቀብላ ቆረሰች።

ዛሬ ሊጉ የሠለጠኑ ዳኞች አሉት፣ ኢንሹራንስም አለው፤ ጥፍሯን ያልቆረጠች ልጅ ሜዳ አትገባም፤ ስለዚህም ጌታ ይመስገን። ቅዳሜ ዕለት ቤቴልን የመታቻት ልጅ ወዲያው ተቀጥታ ወጣች። ወደ ቤት ስንመለስ ቤቴል መኪና ውስጥ ያበጠ ከንፈሯ ላይ በረዶ ይዛ ተቀምጣለች። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃሽ ነበር ወይ አልኳት።

«ሺ ሴድ ማይ ባድ፣ ማሚ። ኢትስ ፋይን» አለችኝ፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላኛለችና ይበቃል ማለቷ ነው።

የልጅቷን ስም ጠየቅኋት፤ አላወቀችውም። መንዳቴን ቀጠልኩ። ትዝ ያለኝ፣ ያን ቀን ድንጋዩን ካወረደችላት በኋላ እትዬ ጽጌ በነጠላዋ ጫፍ ከእናቴ ማጅራት ላይ የጠረገችው አፈር ነበር።