በቤሌ መንገድ የቀረው አባቴ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤት ምሳ እየበላን ሬዲዮው ከብዙ ዓመታት በፊት ስለጠፋ ሰው ያወራ ነበር። ፖሊስ አዲስ ፍንጭ አግኝቷል፤ የሚያውቅ ሰው ካለ ቀርቦ ይናገር ይላል። ልጄ «ጎሽ፣ አሁን እንግዲህ ቤተሰቡ እፎይ ይላል» አለ። እኔ እጄን ከመሶቡ ሰበሰብኩ። ፍንጭ ሲገኝ ቤተሰብ እፎይ እንደማይል አውቃለሁ። ያኔ የያዘኝ ንዴት ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም አልለቀቀኝም።

አባቴ ቤት ሠሪ ነበር። እነዚያን ክዳናቸው መሬት ሊነካ የሚደርስ፣ ረጃጅም የወላይታ የሣር ቤቶች ከሶዶ እስከ በዴሳ እየዞረ ይሠራ ነበር። መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲመጣ ከሩቅ እናውቀዋለን። እኔ ገና ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ፣ አንድ ሐምሌ፣ የአንድ ሰው ቤት ሊከድን ከምንኖርባት ከሶዶ ቤሌ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ሥራውን ጨርሶ እዚያው ያገባችው እህቱ፣ አክስቴ ጋራሜ ዘንድ አደረ። ጠዋት ጎደሬ ቀቅላ በዳጣ አብልታ ሸኘችው። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው አልተገኘም።

አየሁት ያለ ግን ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ ልጆቹ ዛሬም አሉ። የራሱ የጭነት መኪና የነበረው፣ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው። ገበያ መሃል ቆሞ «ሻሸመኔ አየሁት፤ ከአንዲት ሴት ጋር ወደ ሸንኮራ እርሻ የሚሄድ መኪና ሲሳፈር» አለ። ፖሊስም ይህንኑ ቃል ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋ። በዚያ ዘመን ብዙ የአገራችን ሰው ወደ ሸንኮራ ሥራ ይሄድ ስለነበር ወሬው ለማመን አልከበደም።

እናቴን እንደ አገሩ ልማድ «አዬ» ነበር የምንላት። አዬ መበለት አይደለች፣ ባለትዳር አይደለች። ለቅሶ እንዳትቀመጥ ባሏ በሕይወት አለ ተብሏል። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ነጋዴው ደግሞ በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት በዓላችን ለጊፋታ አንድ ኩንታል በቆሎ ይልክልን ነበር። አዬ መንገድ ላይ ስታገኘው ጎንበስ ብላ እጁን ትስም ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጊፋታ አልፎ ቤቱ ገና ቅቤ ቅቤ እየሸተተ፣ አክስቴ ጋራሜ ሳትጠራ መጣች። የሰጠናትን ውሃ እንኳ አልጠጣችም።

«ባሳ የሚባለውን ሾፌር ታስታውሺዋለሽ? የዚያን ነጋዴ መኪና ይነዳ የነበረውን?» አለቻት አዬን። «ካባረረው በኋላ እኛ ጋ መጥቶ ነበር የሚኖረው። በቅርቡ ጌታን ተቀበለ። እሁድ ጉባኤ ፊት ቆሞ አለቀሰና ‹የገደልኩት ሰው አለ፤ ቤት ሠሪ ነበር› አለ።»

በማግስቱ ሦስታችን ቤሌ ወረድን። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ጠበቁን። ባሳ መሃላቸው አንገቱን ደፍቷል። የሁሉ ታላቅ የነበሩት ሰው በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ።

«እህታችን፣ ባሳ አዲስ ሰው ሆኗል። ጌታ ይቅር ብሎታል። አንቺም ይቅር በይውና እንጸልይ።»

«ጌታ ይቅር ካለው ደግ አደረገ» አለች አዬ። «እኔ ግን ገና አልጠየቅሁትም። ባሳ፣ የት አደረጋችሁት?»

ባሳ መሬት መሬቱን እያየ ነገረን። ከነጋዴው ጋር በቆሎ ጭነው ወደ ሶዶ ሲመለሱ ከባድ ዝናብ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተንሸራተተበትና አባቴን ገጨው። አንስተው ጫኑት። «ሆስፒታል ልናደርሰው ነበር» አለ። «ጋሼ ‹መንገድ ላይ ከሞተ ሁለታችንም አለቀልን፤ አዙር› አለኝ። አዞርኩ።»

በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው አንተ ብዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን «ስታዞር ይተነፍስ ነበር?» አልኩት።

«ይተነፍስ ነበር። ውሃ ጠየቀን።»

«ሰጣችሁት?»

ሽማግሌው «እንጸልይ» ብለው ተነሱ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። አዬና እኔ አልጨፈንንም።

ባሳ አንድ ወንዝ ዳር ወስዶ የቀበሩበትን ቦታ አሳየን። የአክስቴ ባል ከጎረቤቶቹ ጋር ቆፈረ። አጥንቱ ወጣ፤ አጠገቡ እጀታው የበሰበሰ መጥረቢያ ነበር። ዕቃው ያሳብቅብናል ብለው አብረው ቀብረውታል። አዬ የብረቱን ጭቃ በመዳፏ ጠርጋ አየችውና ሁሉንም በጋቢዋ ጠቀለለችው። ወደ ሶዶ ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በቆሎውን በላንለት።»

ባሳ አብሮን መጥቶ ቃሉን በገዛ ፈቃዱ ለፖሊስ ሰጠ። አዬ አማርኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የጣቢያው አዛዥ ብርቱካን እየላጠ አዳመጠን።

«ለእናትሽ ንገሪያት» አለኝ። «የተባረረ ሾፌር ቂሙን ቢያወራ የተከበረ ሰው አናስርም። ባሏ ጥሏት ሄዶ ቢሆንስ?»

ይህን በአፌ ወደ ወላይትኛ መልሼ ለእናቴ ልነግራት ነበር። እምቢ አልኩ። እሷ ግን ከፊቱ ገብቷት ጋቢውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። «ታዲያ ይኼ ማነው? ጠይቂው» አለችኝ። ጠየቅሁት።

«አጥንት ስም የለውም» አለና ብርቱካኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

ባሳ ታሰረ። ነጋዴው ተጠርቶ ሻይ ተጋብዞ ተመለሰ። ባሳን አልወደውም፤ ግን ከሁለቱ እውነቱን የተናገረው ታስሮ የዋሸው ሲሸኝ አይቻለሁና ከዚያ ወዲህ ስለ ፍትሕ ሰው ሲያስተምረኝ ደስ አይለኝም።

ለቅሶ ተቀመጥን። ባሏ የጣላት እያሉ ሲያሟት የኖሩት ሴቶች መጥተው ደረታቸውን መቱ። አዬ ተቀበለቻቸው፤ እኔ ፊታቸውን አላየሁም። ነጋዴውም ሽማግሌ ላከ። ስለ ካሳ ሊያወሩ ሲጀምሩ አዬ አቋረጠቻቸው።

«ምንም አልፈልግም። ሻሸመኔ አየሁት ያለው ገበያ መሃል ነው። እዚያው ቆሞ ‹አላየሁትም› ይበል። ልጆቼ ይስሙ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀላል ነገር የጠየቀች መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ። አልተመለሱም።

ሰውየው አርጅቶ አልጋው ላይ ሞተ። የቀብሩ ዕለት ሱቆች ተዘጉ፤ ለድሃ እህል የሚሰጥ ደግ ሰው ነበር ተብሎ ተነገረለት። አዬ በራፏ ላይ ተቀምጣ ሕዝቡ ሲያልፍ አየች። እሷም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች፤ ያንን አንድ ቃል ሳትሰማ።

ልጄ ሬዲዮውን ዘግቶ «እማዬ፣ ሁሉም ሞተዋል እኮ፤ አሁንስ ተይው» አለኝ። እንዲህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ቂም ዕድሜ ያሳጥራል ይላሉ። የእኔን ግን አላሳጠረም። ደግሞ ቂም አይመስለኝም። ገበያ መሃል የተነገረ ውሸት በዚያው ገበያ አልተሻረም፤ ዛሬም በሰፈራችን አባቴን ሚስቱን ጥሎ ሸንኮራ የሄደው ሰው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። የሚሽረው ሰው ስለጠፋ እኔ እሽረዋለሁ። አባቴ ሻሸመኔ አልሄደም። ሥራውን ጨርሶ በእግሩ ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር።