ደግመህ ምታ

አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ መካኒኩ ደጃፍ ላይ የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይት ሲሸተኝ አባቴ ትዝ ይለኛል። ሱዳናዊው አባቴ እንጀራው ጎልፍ ነበር፤ በጉብዝናው ጊዜ ተወዳድሮ ያሸንፍ ነበር፣ በኋላ ሀብታሞችን አስተማረ። ሜዳችን ሣር አልነበረውም። ኳሷ እንድትንከባለል በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አሸዋ በተቃጠለ ዘይት ይለወስ ነበር።

አንድ ጁምዓ ጠዋት የጎልፍ ዱላውን ለእኔ ሰጠኝ። አባቴ የሚያስተምረው ሀብታም ሰውዬ ሳቀና በዐረብኛ ተናገረ።

«ያ ኡስታዝ፣ የሐበሻዋ ልጅ ኳስ ትልቀም እንጂ! እሷ ከመታች እኔ ሌላ አስተማሪ እፈልጋለሁ።»

በዚያን ጊዜ አባቴ ሌላ ተማሪ አልነበረውም። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «ምታ!» አለኝ።

አማርኛን የለመደው እናቴ «ና፣ ብላ፣ ተቀመጥ» ስትለው ሰምቶ ነው። እኔንም እንደ ወንድ ያናግረኝ ነበር። እናቴ «ሴት ናት እኮ፣ ‹ምቺ› በላት!» እያለች ትስቅበት ነበር።

መታሁ። ኳሷ ተንከባልላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ኸላስ፣ አለቀ!» ብሎ ሰውዬው አጨበጨበ።

«ሊሳ! ገና ነው» አለ አባቴ። ኳሷን መልሶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። «ደግመህ ምታ!»

ሰውዬው ቦርሳውን አንስቶ ሲሄድ አባቴ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ዛሬ ዛሬ ሳጃና ሰፈር፣ የሐበሻ ካፌ ውስጥ የራሴን የአማርኛ ግጥም አነባለሁ። ባለፈው አንዱ ተነስቶ «አማርኛሽ ወንድና ሴት አይለይም፣ መጀመሪያ ቋንቋውን ተማሪ» ሲለኝ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ግጥሙን አላረምኩትም። ርዕሱ «ደግመህ ምታ» ነው። የሚያናግረው እኔን ነው።