የገጠመ ሰው ይሳፈራል

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወንድሜንና እኔን የቀበሌው ጠባቂዎች ወደ እስር ቤታቸው በእግራችን ነዱን። ጂፓቸው ቦይ ውስጥ ወድቃ ነበር። ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነው፤ የነቀዘ ባቄላ ይሸታል። ወንድሜ ጉልበቱ አብጦ ስለነበር ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ክሱ አሻጥር ነው።

ወንድሜ ኮልፌ ውስጥ መካኒክ ነበር። የጂፗ ሞዞ፣ ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ተሰነጠቀ። መለዋወጫ ጠፋ። በጂፗ የሚሄደው የቀበሌው ሊቀመንበር ከአንድ ፒካፕ ነቅለህ ግጠም አለው። ወንድሜ ቡሎኑ ቢገባም ውስጡ ልኩ እንዳልሆነ፣ ቁልቁለት ላይ እንደሚወልቅ ነገረው። ሰውየው ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ወንድሜ ገጠመ።

በጋራዡ ልማድ ጎማ የገጠመ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ ከሾፌሩ ጎን ይሳፈራል። ወንድሜም ተሳፈረ። ወደ አየር ጤና በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ጎማው ወለቀ። የሾፌሩ ክንድ ተሰበረ።

ሊቀመንበሩ ሁለታችንንም አስጠራን። ከእኔ የፈለገው አንድ ቃል ነው፤ ወንድሜ ሆን ብሎ እንዳደረገው እንድመሰክር። ከመሰከርኩ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ።

«አንተ ተማሪ ነህ፤ የሚበጅህን ታውቃለህ» አለኝ።

«ሆን ብሎ ቢሆን አብሮ ይሳፈር ነበር?» አልኩት።

በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ወንድሜ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ተናገረ።

«እሱን ይተዉት። ካላመኑኝ ያንኑ ሞዞ መልሼ ልግጠመው። አሁን ግን እርስዎ ይሳፈሩ።»

ሊቀመንበሩ ጠባቂዎቹን ጠራ። ወደ ክፍላችን መለሱን።

በማግስቱ ጠዋት የወንድሜ ስም ተጠራ። ልደግፈው ተነሳሁ።

«ተው፣ ራሴ እሄዳለሁ» አለኝ።

እያነከሰ፣ ግድግዳውን ሳይነካ ወጣ። አልተመለሰም። እኔን ቆይተው ለቀቁኝ። እናታችን ድንኳን እንዳትጥል ተከለከለች። የት እንደቀበሩት ስትጠይቅ ሊቀመንበሩ «ሂጂ ከዚህ» አላት።

ዛሬም በ18 ማዞሪያ ሳልፍ ጂፕ ካየሁ ጥርሴን እነክሳለሁ። መግደሉን ገደለው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ሰው ከዚያች ጂፕ ወርዶ አያውቅም ነበር፤ ሱቅ እንኳ በእሷ ነበር የሚሄደው። ጎማው በወለቀበት ቀን ጠዋት ግን፣ ጂፗ ገና ሳትነሳ፣ ቢሮው በእግሩ ሄደ። ጎረቤቱ ሁሉ አይቶታል።

ወንድሜን አምኖት ነበር።