የዓይን ሐኪሙን ስንከተል፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ አዴት መንገድ

ሰኞ፤ ፍኖተ ሰላም

ዶሮ ሁለተኛውን ሲጮህ ተነሣሁ። የትምህርት ቤቱን በር ለጓደኛዬ አስረክቤ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ከመምህራኑ ቤት ደጃፍ ቆምሁ። ይስማው እባላለሁ፤ እዚሁ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ። ከፊደልና ከዳዊት ያለፈ ትምህርት የለኝም። ርእሰ መምህሩ «ያዩትን እንዳዩት ይጻፉት፣ ለጋዜጣው እንልከዋለን» ቢሉኝ ነው ብዕር ያነሣሁት። ግድፈት ብታገኙ እለፉኝ።

አብረውኝ የሚሄዱት ሚስተር ቶማስ ናቸው። የህንድ አገር ሰው ናቸው፤ ሒሳብ ያስተምራሉ፤ እኛ ዘንድ ከመጡ አራተኛ ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ የተማሪውን መልክ መለየት አቃታቸው፤ ቀጥሎ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ማንበብ ተሳናቸው። ከጥምቀት በኋላ አዲስ አበባ ሄደው ታይተው፣ ተራዎ ነሐሴ ላይ ነው ተብለው ተመለሱ። ውላቸው ግን ሰኔ ላይ ያልቃል። የማያይ መምህር ውል አይታደስለትም፤ ወደ አገሩ ይሸኛል። አንድ ማታ በሩ ላይ ቆመው «አባባ፣ እኔ ከማስተማር ሌላ ሥራ አላውቅም» አሉኝ።

ሰው በአገሩ ሲታመም ወንድም ይሮጥለታል፣ አማች ይጠይቅለታል። በሰው አገር የታመመ ግን የት ብሎ እንደሚጀምርም አያውቅ። እንዲህ ሆነን ሳለ፣ ባለፈው ዓርብ የጤና ጣቢያው ቁስል አጣቢ ድሬሰር አንድ ወሬ ይዞ መጣ። አንድ ፈረንጅ የዓይን ሐኪም በመኪና እየዞረ የዓይን ሞራ እንደሚገፍፍ፣ አሁን ቡሬ መድረሱን፣ ከሚመጣው ዓርብ በኋላ ግን ጎጃምን ለቆ እንደሚሄድ ነገረን። እኔም ፈቃድ ለምኜ ሚስተር ቶማስን ተከተልኋቸው።

የእህል መኪና አገኘን። ሾፌሩ ሚስተር ቶማስን ጋቢና አስገባ፤ እኔም ጠበብ ብዬ ከጎናቸው ገባሁ። መንገዱ የመጋቢት መንገድ ነው፤ ፊት ለፊት የሚሄደው መኪና የሚያነሣው አቧራ ዋርካውንም፣ የታጨደውን ማሳም፣ ዳገቱንም አንድ አድርጎታል። ሾፌሩ ወዴት እንደምንሄድ ሲሰማ፣ እንግዳው ምንም ባያዩ ግድ እንደሌለ፣ እሱም ከደምበጫ ጀምሮ ምንም ሳያይ እንደነዳ ነገረን። ሚስተር ቶማስ ይህን ቀስ ብዬ ስደግምላቸው ሳቁ፤ ወዲያው ግን የበሩን እጀታ ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ቡሬ ረፋድ ላይ ገባን። ሐኪሙ የለም። ትናንት ወደ ዱርቤቴ ሄዷል አሉን።

የዕለቱ አውቶቡስ አልፎን ስለነበር መንገደኛ በምታሳድረው በወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት አደርን። ጾም ነው፤ በስሙኒ ሽሮና የተልባ ፍትፍት በላን። ወይዘሮዋ መንገደኛ እግሩን ሳይታጠብ አታስተኛም። ሚስተር ቶማስ አፍረው እግራቸውን ወደ አልጋው ሥር ሰበሰቡ። «ተዉ እንጂ፣ ሰው ከህንድ ድረስ መጥቶ ዓይኑን ቢጥል አንሶ፣ እግሩንም በአቧራ ይጣል?» ብላ ጎትታ አጠበቻቸው።

ማክሰኞ፤ በኮሶበር በኩል ወደ ዱርቤቴ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ኮሶበር ላይ ብርዱ እንደ ክረምት ነው፤ ጉሙ ከቀርከሃው ጫፍ ላይ አልተነሣም። የአገው ሰዎች በፈረስ ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ ካባቸው ጥቁር፣ የፈረሶቹ ትንፋሽ ነጭ። ሚስተር ቶማስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው በየደቂቃው ምን እንዳለ ይጠይቁኛል። ፈረስ እላለሁ። ምን ዓይነት ፈረስ ይላሉ። ቦራ እላለሁ። ቦራ ምንድን ነው ይላሉ። ግንባሩ ነጭ እላለሁ። ዳንግላ እስክንደርስ ምላሴ ደረቀ፤ ከኋላችን የተቀመጠ ነጋዴ «አያ፣ ትንሽ ይረፉ፣ ተራውን እኔ ልንገራቸው» ብሎ ተቀበለኝ። እሱ ግን የሚነግራቸው የበርበሬና የበቆሎ ዋጋ ብቻ ሆነ።

ዱርቤቴ ከሰዓት በኋላ ደረስን። የከብት ገበያ ነው፤ አቧራው፣ ጩኸቱ፣ በሬ የሚያስማማው ሰው። ጤና ጣቢያውን ጠይቀን አገኘነው። ሐኪሙ ጥዋት ወደ መራዊ ሄዷል።

ረቡዕ፤ መራዊ

መራዊም የለም። ግን የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ እንደኔው ሽማግሌ፣ ቁርጡን ነገረኝ። ሐኪሙ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ድንኳን ተክሏል፤ እስከ ዓርብ እዚያው ነው፤ ቅዳሜ ጥዋት ይነሣል። አውቶቡስ የለም፤ በቅሎ ነው።

ሚስተር ቶማስ ከግድግዳው ጥግ ቁጭ አሉ። እንመለስ አሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የሄድነው ከጥላ ኋላ ነው አሉ።

«ጥላ ከሆነ ባለቤቱ ሩቅ አይሆንም» አልኋቸው።

ሁለት በቅሎ ተከራየን።

ሐሙስ፤ በበቅሎ

አሁን የምነግራችሁ የደረሰብንን ነው፤ ማንንም ለማማት አይደለም። ያን ሰሞን ግብር ለመጨመር መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ አገሩን ሞልቶት ነበር። ሚስተር ቶማስ ደግሞ ባርኔጣ አድርገዋል፤ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ የአዲስ አበባውን ሐኪም ወረቀት በቆርቆሮ ቱቦ ጠቅልለው አንግተዋል። ዱላቸውን ሲወድቅባቸው እንዲያዩት ብለው ቀይና ነጭ ቀለም ቀብተውታል። እኔ በየቀኑ ስለማያቸው ምንም አልመሰለኝም።

አንድ ጠፍ ማሳ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ያርሳሉ። ታላቁ አያሌው ይባላል። ሰላምታው ረዘመ፤ ከብቱ ደኅና፣ ቤቱ ደኅና፣ አገሩ ደኅና። የዓይን ሐኪሙን ስጠይቅ በጣም ትሑት ሆኖ፣ በጅራፉ ወደ ቆላው አመለከተን፤ ወንዙን እንደተሻገራችሁ ታገኙታላችሁ አለ። ወንድሙ አንገቱን ደፍቶ በሬውን ያክካል።

እስከ ቀትር ቁልቁል ወረድን። በቅሎዋ ተንሸራተተች፤ ሚስተር ቶማስ ሁለት ጊዜ ወርደው በእጃቸው እየዳሰሱ ተራመዱ። ወንዙ ዳር አንድ ቄስ ነጠላቸውን ያጥባሉ። የምንፈልገውን ስነግራቸው ሳሙናቸውን አስቀምጠው ረዥም ሳቁ።

«ከላይ ያሉት ወንድማማቾች ናቸው የላኳችሁ? ባለፈውም ሁለት ቀያሾች ልከውልኝ ነበር። ሐኪሙ ያለው በወዲያ ነው፣ ከማሳቸው በላይ።»

ዳገቱን ወጣን። እናንተ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ልቤ የጠበበበት የለም። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ የቀረን ቀን አንድ ነው።

ወንድማማቾቹ ስንመለስ ሲያዩ ዱላቸውን አነሡ። እኔ ከበቅሎዬ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ለጠብ ጉልበትም የለኝ። እኝህ ሰው ቀያሽ አለመሆናቸውን፣ የልጆቻችን መምህር መሆናቸውን፣ ዓይናቸው መጋረዱን ቀስ ብዬ ነገርኋቸው። አያሌው ቀያሽም እንዲህ ይላል አለ።

«እንግዲያው አንተው ፈትናቸው» አልሁት። «ከዚህ ሆነው በሬህን ይቁጠሩልህ።»

ሚስተር ቶማስ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ማሳው ዞሩ። ብዙ ቆዩ። የሒሳብ መምህር ናቸውና መሳሳት ይከብዳቸዋል።

«አራት» አሉ።

በሬዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጭማሪ ኩይሳ ነው። ሌላው ወደ በሬዎቹ ተመልሶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ የጎነበሰው የአያሌው ወንድም ነው።

ወንድምየው ቀና ብሎ «እኔን በሬ ካሉኝማ እውነትም አያዩም» አለ።

«እኔ ግን ያዩ መሰለኝ» አለ አያሌው።

ያኔ ሁላችንም ሳቅን፤ ሚስተር ቶማስም ነገሩ ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አያሌው ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱ ተለወጠ። በሬዎቹን ፈታ፤ ሞፈሩን ለወንድሙ ተወ፤ መጥቶም የመምህሩን በቅሎ ልጓም ያዘ። እስክንደርስ ለሌላ ሰው አልሰጠም። እናቱም እዚያው ሐኪሙ ዘንድ ተራ እንደያዙ የነገረኝ በመንገድ ላይ ነው፤ አንገቱን እንደደፋ።

ዓርብ፤ ከድንኳኑ ደጅ

ሰልፉ ዱላ የያዘና በሰው የሚመራ ሰው ብቻ ነው። የሐኪሙ ረዳት፣ ጨዋ ነርስ፣ መዝገቡ ትናንት ከሰዓት በኋላ መዘጋቱን ነገረኝ። ሐኪሙ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ነው፤ የተጻፉትንም ቢጨርስ ተመስገን ነው አለ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እኛ ከወንዙ ዳገቱን እየወጣን ነበር።

አያሌው ይህን ሰማ። ወደ ሰልፉ ፊት ወጥቶ ቆመ።

«ስሙኝማ ወገኖቼ። እኝህን እንግዳ ቀያሽ ናቸው ብዬ ወደ ቆላ የሰደድኋቸው እኔ ነኝ። ስማቸው ያልተጻፈ በኔ ነው። የእናቴን ቦታ ይውሰዱ።»

እናትየው ከተቀመጡበት «ጥፋቱ ያንተ፣ ቅጣቱ የኔ? በል የራስህን ዓይን ስጣቸው» አሉ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ነገር ግን አንድ ከፊት የተቀመጡ አዛውንት ነገሩን አቀኑት። ማንም ተራውን አይልቀቅ፤ ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይግባ፣ ጊዜ ከተረፈ የእንግዳው ነው አሉ። ሰው ሁሉ ይሁን አለ።

እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ፊቱን ታጥቦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሻሹን ፈትቶ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ገብቶ ወሬ የሚያበዛ የለም። ነርሱ ስም ሲጠራ ሦስት ሰው «አለ» ይላል። ሚስተር ቶማስ ምን ያህል ሰው እንደቀረ ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ ፀሐይዋን አያለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰልፉ አለቀ።

ሐኪሙ ራሱ ወጣ። ረዥም፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ሰው ነው። ባትሪ አብርቶ አያቸው፤ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ቀጥሎ ነርሱን አንድ ነገር አለው፤ ነርሱም ወደኔ ዞረ። አንዱን ዓይን አሁኑኑ እንሠራለን አለኝ፤ ግን ሰባት ቀን በጀርባቸው ተኝተው፣ ራሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይቆያሉ፤ አጠገባቸው የሚቀመጥና የሚፈርም ዘመድ ከሌለ አይሆንም።

«ዘመድ አላቸው?»

«አላቸው።»

«ማን?»

«እኔ» አልሁና ፈረምሁ። ስሜን በደንብ አድርጌ ጻፍሁት።

ሰባቱ ቀን

ቅዳሜ ሐኪሙ ሄደ፤ ነርሱ ቀረ። ሚስተር ቶማስን በቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ጎጆ ውስጥ አስተኛናቸው፤ ራሳቸውን አሸዋ በተሞሉ ሁለት ከረጢቶች ግራና ቀኝ ደገፍነው። ሳልና ሳቅ ክልክል ነው። የአያሌው እናት ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝተው፣ እሳቸውም እንደታሸጉ፣ ያለማቋረጥ ያሥቃሉ። ህንድ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ዝም ብሎ ይተኛል ወይ፣ ሚስቶቻቸውስ ምን ይላሉ ይላሉ። እኔ የሚስተር ቶማስ ሳቅ እንዳይመጣ አገጫቸውን በመዳፌ ይዣለሁ። አያሌው በየማታው የተቆላ ሽምብራና የምስር ወጥ ይዞ ይመጣል።

በስምንተኛው ቀን ጥዋት ነርሱ ፋሻውን ፈታ። ሐኪሙ ትቶት የሄደውን ወፍራም መነጽር አደረገላቸውና ጣቱን አነሣ።

«ሦስት» አሉ ሚስተር ቶማስ። ትክክል ነበር።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ግንባሬን፣ ጢሜን፣ ጋቢዬን አዩ፤ በመጨረሻም «አባባ፣ እርስዎ ይህን ያህል ሸምግለዋል እንዴ? እኔ እኮ በጉልበት ሳሠራዎት ነው የከረምሁ» አሉኝ። መሳቅ ተፈቅዶ ነበርና ጎጆው ፈነዳ። የአያሌው እናትም በዚያው ጥዋት ተከፈቱ፤ መጀመሪያ ያሉት ልጃቸው መክሳቱን ነው።

ሰኞ፤ ወደ ቤት

ከመራዊ አውቶቡስ ያዝን። የቀረው ዓይን ሐኪሙ በሚመጣው ዓመት ሲመለስ ይሠራል። አሁን ግን አንዱ ይበቃል፤ ከበቂም በላይ ሆኖ አስቸገረን። ከመንገዱ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋይ አለ፤ ሚስተር ቶማስ አንዱንም ሳይዘሉ ጮክ ብለው ያነብባሉ። ዳንግላ ድረስ ተሳፋሪው አጉረመረመ። ከኮሶበር በኋላ አንዲት ሴትዮ ከሳቸው ቀድማ ለማየት አንገቷን ታወጣ ጀመር። ከቡሬ ሲያልፍ አውቶቡሱ ማን ቀድሞ ያያል ብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግራው በኩል የተቀመጠው አንድ ወገን፣ ቀኙ አንድ ወገን። ሾፌሩ እንኳ ድንጋይ ሲደርስ ፍጥነት ይቀንሳል። ሚስተር ቶማስ አንድም አልተሳሳቱም። የአውቶቡሱ ረዳት ጠርጥሮ ሁለት ጊዜ ወርዶ አይቶ መጥቷል።

ፍኖተ ሰላም ስንገባ የበልግ ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር። ርእሰ መምህሩና ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቁናል። ሚስተር ቶማስ የራሳቸውን ሻንጣ በቀኝ፣ የኔን ከረጢት በግራ አንጠለጠሉና ከፊቴ ወረዱ። ጥቂት እንደሄዱ ቆሙ፤ ዞረው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ውሃ ቋጥሯል። በዚህ በኩል ይምጡ» አሉኝ።

እኔ አላየሁትም ነበር።