የገለባ ስንቅ

የስደታቸውን ታሪክ የሚያወጉ ሰዎች ሁሉ የወጡት በሌሊት ነው። እኔ የወጣሁት ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ሸክም የያዘች ልጅ ወዴት ትሄጃለሽ አትባልም። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሁለት ቀሚስና የትምህርት ካርዴን ከትቼ ከላይ ጎመን ደረደርሁበት። ደብረ ኤልያስ ላይ ጎመኑን ሸጬ ሚኒባስ ገባሁ። ደብረ ማርቆስ ሩቅ አገር አይደለም አትበሉኝ፤ ለእኔ ባሕር ማዶ ነበር።

አባቴን በሕፃንነቴ አጥቻለሁ። እናቴ ከሞተች ደግሞ ገና አርባዋ መውጣቱ ነበር። የቀሩኝ የአባቴ ወንድም አያ እንየው ናቸው። አያ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አልመቱኝም፣ አልተቆጡኝም። "ሴት ልጅ ያለ እናት አትቀመጥም፤ ደህና ሰው ጠይቆሻል" ብቻ አሉኝ። አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደህና የተባለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ የመጀመሪያ ልጁ ከእኔ ጋር ስምንተኛ ክፍል ተምሯል።

ከተማ እንደገባሁ ትምህርት ቤት ሄድሁ። መዝጋቢው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣

"ወላጅ ይዘሽ ነይ" አለኝ።

"ሞተዋል።"

"እንግዲያው የሞቱበትን ማስረጃ ከቀበሌ አጽፊ።"

"ቀበሌው ማስረጃውን ለማን ይሰጣል?"

"ለወላጅ።"

እንዲህ ካለ በኋላ ራሱም ደነገጠና ቀና አለ። የተላጨ ራሴንና ጥቁር ልብሴን ያየው ያን ጊዜ ነው። "በሁለት ወር ውስጥ ዋስ አምጪ" ብሎ መዘገበኝ።

የቤት አከራይዋ እትዬ ዘነቡ ደግሞ ከእሱ የባሱ ነበሩ። "ስንቅ የሚያመጣላት የሌላት ተማሪ አላስገባም። የራባት ልጅ ወይ ትሰርቃለች፣ ወይ ታማ ታስጨንቀኛለች።"

"የለበስሁት ለአባቴ ነው" ብዬ ዋሸሁ። "እናቴ በየቅዳሜው ታመጣልኛለች።" ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እናቴ በሕይወት ያለች መሰለኝ፤ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ሰርካለም ከምትባል የደምበጫ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል አስገቡኝ።

ከኋላዬ የምትመጡ እንድታውቁት ልንገራችሁ፤ ብርዱ ያው የአገራችን ብርድ ነው፤ ግን አገር ቤት ብርዱን ከከብቶቹ ጋር ተጠጋግተን ነበር የምንችለው። እኛ ዘንድ ሰው ሲያስነጥስ ሦስት ቤት "ይማርሽ" ይላል። እዚህ ሽንት ቤቱ እንኳ ቁልፍ አለው። ባጃጅ ከደጃፋችን በቆመ ቁጥር አያ መጡ ብዬ ፍራሼ ላይ ድርቅ እላለሁ። የባላገር ሽማግሌ ድምፅ ከሰማሁ መንገድ እቀይራለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የገጠር እናቶች ለተማሪ ልጆቻቸው የእንጀራ ድርቆሽ፣ ሽሮና ዱቄት ይዘው መናኸሪያ ይወርዳሉ። እኔም ባዶ ከረጢቴን ይዤ እሄዳለሁ። ልጆቻቸውን ሲስሙ እያየሁ እቆይና፣ ከጋሪ ፈረሶች ሥር ገለባ ለቃቅሜ፣ ከረጢቱን ሞልቼ፣ እንደከበደኝ ጎብጬ እመለሳለሁ።

"መጣች?" ይላሉ እትዬ ዘነቡ ከበራፋቸው።

"መጣች።"

"ለምን ቤት አትገባም?"

"ቸኩላ ነው።"

እናቴ ስትቸኩል ሁለት ወር ሊሞላት ሆነ። እሑድ እሑድ ልብስ እያጠብሁ ዳቦ እገዛለሁ። ሰርካለም "ነይ ብይ" ስትለኝ "በልቻለሁ" እላለሁ። አንድ ቀን የቆየውን ገለባ ላራግፍ ከረጢቱን ብከፍት፣ ድርቆሽና በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ አገኘሁበት። ዞር ብዬ አየኋት። ደብተሯን እየገለጠች፣ "እናትሽ ሽሮው ላይ ጨው አብዝታለች፤ ንገሪያት" አለችኝ። ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። እሷም ደብተሯን ትታ አቀፈችኝ። ያን ማታ ሁሉንም ነገርኋት።

በዚያው ሰሞን እትዬ ዘነቡ "ይቺን ችኩል እናት ሳላያት ወሩ አይወጣም" አሉ። የሰርካለም እናት እትዬ ጥሩነሽ ስንቅ ይዘው ሲመጡ፣ "እናቷ ነኝ በይላት" ብላ ሰርካለም ለመነቻቸው። እትዬ ዘነቡም ግቢው መካከል ጠበቋቸው።

"የማስተዋል እናት እርስዎ ነዎት?"

እትዬ ጥሩነሽ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። "አይደለሁም። እናቷ ሞታለች። ዋሷ ግን እኔ ነኝ።"

ጆሮዬ ጮኸ። አለቀልኝ አልሁ። እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ዞሩ። "ገለባው ከበሩ እስከ ክፍልሽ ሲንጠባጠብ ዕውር መሰልሁሽ? ሁለት ወር ሙሉ አይጥ አረባሽብኝ እኮ! በይ፣ ገለባው ይውጣ። አንቺ ተቀመጪ።"

እትዬ ጥሩነሽ ትምህርት ቤትም ሄደው ፈረሙልኝ። ሲመለሱ ግን፣ "አሁን አጎትሽ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ልጅ ተደብቆ አያድግም" አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ አስነስተው ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ያህል ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም።

ትናንት በሰርካለም ስልክ ተደወለ።

"ማስተዋል?"

"አቤት አያ።"

"አለሽ?"

"አለሁ።"

ከኋላቸው ጥጃ ሲጮህ ይሰማኛል። "ያቺ የደምበጫ ሴት፣ ልጅቷን ላልነካ ካልማልሁላት እህል አልቀምስም ብላ ደጄ ላይ ስትቀመጥ ዋለች" አሉኝ። "እኔም አልማልሁላትም፤ እሷም ሳትቀምስ ሄደች።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የእናትሽ ስድስት ወር ደርሷል፤ መንፈቋን ልናወጣ ነው። ያለ ልጇ ምን ተዝካር አለ? ትመጫለሽ?"

"ከመጣሁ... ወደ ትምህርቴ ትለቁኛላችሁ?"

"እናትሽ ናት፤ ነይ" አሉና ስልኩ ተዘጋ።

መሄድ እፈልጋለሁ። መቃብሯን ከአርባዋ ወዲህ አላየሁትም። ግን አንዴ ከገባሁ ማን ያስወጣኛል?

"አብሬሽ እሄዳለሁ" አለች ሰርካለም።

"ቢያስቀሩኝስ?"

"እኔንም ያስቀሩኛላ! ያን ጊዜ እናቴ ትመጣለች። እሷ ደግሞ ሰው ደጅ ስትቀመጥ እንዴት እንደሆነች ሰምተሻል።"

ሳቅሁ። እስከ ትናንት የምፈራው ለራሴ ብቻ ነበር፤ አሁን ለእሷም እፈራለሁ። ለአያም ገና መልሼ አልደወልሁም።