ከሸረሪቷ ጎን ያለች ጣት

መጀመሪያ ያየሁት ጉንዳኖቹን ነው። እንቁላላቸውን ነክሰው የባሕር ዛፉን ግንድ ወደ ላይ ይወጣሉ። ቀጥዬ ሣሩን አየሁ፤ መሬት ለመሬት የሚሮጡት ሸረሪቶች በሙሉ ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥተው ተንጠልጥለዋል። እኛ ጋ አቃቂ ፀሐይ ወጥታለች። ቀና ስል ግን እንጦጦ በኩል ሰማዩ ከሰል መስሏል። ላይ ከተማ የወረደው ዝናብ ወንዙን ይዞ ወደ እኛ እየመጣ ነበር።

እናንተ ልጆች ስልካችሁ ላይ ማጉያ ሌንስ ሰክታችሁ ከሃያት ጋር ወንዝ ዳር ስትወርዱ መንገድ ላይ የማስቆማችሁ ለዚህ ነው። ስሙኝና ትሄዳላችሁ።

ጊዜው ነሐሴ መጨረሻ ነው። የወረድነው እኔና ሃያት ብቻ ነን። ሃያት የጎረቤቴ የዘሀራ ልጅ ናት፤ የልጄ የምሕረት ጓደኛ። ሁለቱ ከትምህርት ቤት መልስ ጥንዚዛና ሸረሪት ፎቶ ሲያነሱ ነው ያደጉት። ያነሱትን ኢንተርኔት ላይ ይልኩና የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ይነግሯቸዋል። ምሕረቴ በኩላሊት ታማ ካረፈች በኋላ ስልኳ እኔ ጋ ቀረ።

ስልኩ ውስጥ መልኳ የለም። አንሺዋ እሷ ናታ! ያለው ጣቷ ነው። የሚነሳው ፍጥረት ምን ያህል እንደሚያክል እንዲታወቅ አጠገቡ ጣት ይቀመጣል፤ አሠራራቸው እንደዚያ ነው። ጥንዚዛና ጣቷ፣ ፌንጣና ጣቷ። መጀመሪያ ላይ ጥፍሯን ቀለም የተቀባች፣ ድንቡሽቡሽ ያለች ጣት ናት። እየቆየች ትከሳለች። መጨረሻ ላይ የሆስፒታል መስኮት ላይ ያረፈች ዝንብ አለች፤ አጠገቧ ያለችው ጣት እንጨት ነው የምትመስለው። እኔ ዝንቧን መች አያለሁ።

ምሕረት ፈልጋ ያላገኘቻት አንዲት ሸረሪት ነበረች። ድር ዘርግታ የማትጠብቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር፣ ልጆቿን በጀርባዋ አዝላ የምትሮጥ። «እማዬ፣ ልክ እንደ እናንተ ነው የምታዝለው፤ አንቀልባ ብቻ ነው የሌላት» ትለኝ ነበር እየሳቀች። እሷን ፍለጋ ነው የወረድነው።

ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ላይ ሣርና ቀጭን ባሕር ዛፍ ያበቀለ ደለል ትቷል። ደረቁን ቦይ ተሻግረን ገባን። እኔ ቦት ጫማ አድርጌያለሁ፤ ጭቃውን ጯ ጯ አደርገዋለሁ።

«እትዬ ብርቄ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ! ዝሆን ነው እንዴ የምናድነው?»

«ዝም በይ አንቺ! ዝሆንማ ይታያል።»

የጉድጓዷ አፍ ዙሪያውን በስስ ሐር የተለበጠ ነው፤ በዚያ ነው የምትለዩት። አጠገቡ አገኘኋት። ልጆቿ ጀርባዋ ላይ እንደ ጤፍ ተጣብቀዋል። ተንበረከክሁ። ጥላዬ እንዳያርፍባት ዞርኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ የራሴን ጣት አጠገቧ አስቀምጬ በምሕረት ስልክ አነሳኋት። የዚህ ሥራ ክፋቱ ይሄ ነው፤ በሌንሱ የምታዩት ጥፍር የምታህል መሬት ብቻ ናት፣ ሌላው ዓለም ይጠፋችኋል። ድንገት ልጆቿን እንዳዘለች ሣሩን ይዛ ወጣች። ወዴት ናት ብዬ በዓይኔ ስከተላት ነው ጉንዳኖቹን ያየሁት።

«ሃያት፣ ተነሺ! ውሃ መጣ!»

«አንድ ብቻ ላንሳ...»

«ተነሺ ብዬሻለሁ!»

ደረቁ ቦይ ሞልቶ ይሄዳል፤ ጉቶ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ እግር ጫማ ይዞ። ገባንበት። ጉልበታችን ደረሰ፣ ወዲያው ወገባችን። በአንድ እጄ ስልኩን ከራሴ በላይ ይዣለሁ፣ በሌላው ሃያትን። ዳር ልንደርስ ስንል ታች ያለው ደለል ከእግራችን ሸሸ። ፊት ለፊቴ ከዳሩ የባሕር ዛፍ ሥር ተንጠልጥሏል፤ እሱን ካልያዝኩ ሁለታችንንም ይወስደናል። እጅ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ስልኩን! የምሕረትን ስልክ!» ብላ ጮኸች፤ ራሷ ውሃ እየዋጠች።

ለቀቅሁት። ሥሩን ያዝኩ። ሲሰጥም እንኳ አላየሁትም።

ጎመን የሚኮተኩቱ አንድ አባት ሮጠው መጥተው በአካፋቸው እጀታ ጎተቱን። «ኧረ በማርያም! ምን ልታደርጉ ገባችሁ?»

«ሸረሪት ፍለጋ» አለች ሃያት ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

«ቀዝቅዟት ነው፤ ትቀባዥራለች» አሉኝ።

ዳሩ ላይ ተቀመጥን። የሃያትም ስልክ ኪሷ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ሞቷል። «አይዞዎት፣ እትዬ፣ የላክናቸው ኢንተርኔት ላይ አሉ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ስል ፊቷ ተለወጠ። «ግን... ስንልክ መጠኑን ጽፈን፣ ነፍሳቱ እንዲጎላ ጣቱን ከፎቶው እየቆረጥን ነበር የምንልከው» አለችና ጉልበቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ እንባም አልመጣልኝም። ባዶ መዳፌን ሳይ ቆየሁ።

ፎቶ በላካችሁ ቁጥር ጣታችሁን አትቁረጡት የምላችሁ ከዚያ ወዲህ ነው። ይታይ። እናታችሁ አንድ ቀን ትፈልገው ይሆናል። ስታነሱም ቶሎ ቶሎ ቀና በሉ፤ እዚህ ባይዘንብም ላይ ከተማ ይዘንባል።

ያን ዕለት ሰውየው ስልካቸውን ሰጡኝ። በቃሌ የማውቀው ቁጥር የዘሀራን ነው። ጎርፉን ሰምታ ኖሮ ገና ሳልናገር ማልቀስ ጀመረች። ያንን ለቅሶ አውቀዋለሁ። የሃያትን እጅ ጭምቅ አድርጌ ይዤ፣

«ዘሀራ፣ ብርቄ ነኝ። ልጅሽ አጠገቤ ናት። ከወንዙ ወጥተናል። ደህና ነን» አልኳት።