ቃጠሎ ክፍል ውስጥ ስለ ሲኦል አይወራም

በሆስፒታሉ ቃጠሎ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቁስል ያጠበችው ነርስ ምላሷ ምላጭ ነው፤ እጇ ግን ጥጥ ነው። ፋሻ ቆዳ ይዞ እንዳይነሳ በውሃ በደንብ ሳታርሰው አትፈታም። ሥራ ላይ ስትቀመጥ ያያት ሰው የለም።

አንድ እሁድ ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ሰባኪ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው በሽተኛ ሊጠይቁ ገቡ። የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶበት ደረቱ የተቃጠለ ምግብ አብሳይ አልጋ አጠገብ ቆሙና፣ "ልጄ፣ ንስሐ ግባ። የሲኦል እሳት ከዚህ ይብሳል፤ ማብቂያም የለው" አሉት። ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይህን የሰማችው ነርስ ቀጥ ብላ መጣችና ፋሻ የምታርስበትን የውሃ ሳህን አስያዘቻቸው። "አባቴ፣ መጡ አይደል፣ ያግዙኝ።"

ፋሻው ሲፈታ አብሳዩ ጥርሱን ነከሰ። ሰባኪው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይመልከቱት እንጂ" አለቻቸው። "ይህ የአንድ ደቂቃ እሳት ነው። እኔ ኃጢአተኛዋ እንኳ ሁለተኛዋን ደቂቃ ለጠላቴ አልመኝም። እኔን የፈጠረ ከእኔ ይጨክናል?"

"መጽሐፉ እኮ እሳት ይላል፣ ሲስተር።"

"ይላል። የዘላለም ሕይወትም ይላል። የእርስዎ መጽሐፍ ታዲያ ሁልጊዜ እሳቱ ላይ ብቻ የሚገለጠው ለምንድን ነው?"

አዲሱ ፋሻ ተጠምጥሞ እንዳለቀ ሰባኪው ሳህኑን አስቀመጡና መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ በሩ አመሩ።

ነርሷ ቀደመቻቸው። "ሲኦሉን ነግረውታል፤ የዘላለሙን ሕይወት ሳያነቡለት አይወጡም" አለችና ወንበር ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች።